ሃምሳ ፊልስ

ሲያለቅስ ይወጣል፣ ሲተኛ ይገባል፤
የአውራ ጣቴን ያህል ቆዳው ይወጠራል።
ጫን ሳደርገው ጉርር... ስለቀው ደግሞ ብቅ፣
እንደ ጎረቤት ልጅ፣ ከበር የማይርቅ።

ስድስት ሴቶች ነን ባንድ ክፍል፣ ሻርጃ፣
ግድግዳችን ጨርቅ፣ ወለሉ ስጋጃ፤
ሮላ፣ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ጀርባ፣
አምስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ከቆመ ሦስተኛ ወር ገባ።

ሙዓዝ እዚሁ መጣ በነሐሴ ሙቀት።
እትብቱ ረገፈ በሰባት በስምንት፣
ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ አንሶ፣ እንደ ቅርንፉድ ፍሬ፤
በክብሪት ቀፎ ያዝኩት፣ በሻሼ ቋጥሬ።
«እትብትህ የተቀበረው የት ነው?» ቢሉት ነገ፣
ምን ይመልሳል ልጄ፣ አፈር ካልተፈለገ?
እዚህ ምድሩ አስፋልት፣ ጓሮው የፕላስቲክ ሣር፣
ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው ሥር ባሕር።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ወረድኩ በደረጃ፣
መንገድ መሃል ወዳለች ተምር፣ ወደ ተከላት ማዘጋጃ፤
በሹካ ቆፍሬ፣ ዱዓ አድርጌ፣ ቀበርኩት፤
የጠብታዋ ቧንቧ ስታጠጣው አየሁት።

በአራተኛው ሳምንት ማሽን መጣ፣ ቢጫ፣
ተምሯን ነቀላት፣ ለመኪና መሮጫ።

ከዚያ ወር ጀምሮ እምብርቱ ተነሳ።
«ይኸ እኮ» አለች ሉባባ «ያፈር ዕዳ ካሳ።»
የተቆረጠ ጫፉን ይፈልጋል አለች።
ቦርሳዋን በርብራ ሳንቲም አወጣች፤
ሃምሳ ፊልስ፣ ባለ ሰባት ማዕዘን፣
ባንድ ገጿ የነዳጅ ማማ የተቀረጸባትን።
«በጥጥ ጠቅልለሽ እምብርቱ ላይ አድርጊ፤
አጥብቀሽ እሰሪ፣ ሐኪም አትፈልጊ።»

አሰርኩት። ነዳጅ የሚቀዳባት ማማ
በልጄ ሆድ ላይ ቆመች፣ ሲያቃስት እየሰማ
ጆሮዬ። ከምድር ሆድ ገፍቶ የሚወጣን ነገር
ይህ አገር በወርቅ ይሸጣል፤ የኔው በሳንቲም ይታሰር?

በሦስተኛው ቀን ቀላ። በአራተኛው ሸተተ።
ሻሹን ስፈታው ቆዳው ረጥቦ ተከፈተ።

ክሊኒኩ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የለኝም።
ሙዓዝም ወረቀት ላይ ገና አልተወለደም።
ሁለተኛ ፎቅ ያለች ነርስ፣ ሺጂ፣ ኬራላዊት፣
ፈረቃዋን ጨርሳ መጣች ከነዩኒፎርሟ ሌሊት።
ቁስሉን አጠበችው፣ እጇን በአልኮል አብሳ፤
«ይህቺ ለዳቦ ናት» አለች፣ ሳንቲሜን መልሳ።
ከዚያ በተሰባበረ ዐረብኛ፦
«እትብቱ የገባበት በር ነው፤ ጡንቻው አልገጠመም።
ጊዜ ይገጥመዋል፤ እንዲህ ሲሆን አያምም።
ሁለት ዓመት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት፤
ቀን ነው መድኃኒቱ፤ ምንም አትሰሪበት።
ግን አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስም ካለ፣
ከጠነከረ፣ ከጠቆረ፣ ሲያስታውክ ከዋለ፣
ያኔ ‹ወረቀት የለኝም› ብለሽ እንዳትቀሪ፤
ልጁን አንሺና ወደ ድንገተኛ ብረሪ።»

ሁለት በር አለኝ እንግዲህ፣ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው፤
አንዱን ዝጋልኝ፣ አንዱን ክፈትልኝ የምለው።
የመጀመሪያው ስፋቱ ሌባ ጣቴን ያህላል፤
ሁለተኛው መስኮት ነው፣ «አባቱን ይዘሽ ነይ» ይላል።
አባቱ ወደ ዱቅም ከሄደ ወዲህ
ስልኩ ይጠራል፤
ይጠራል።

ዓመት ከአራት ወሩ ነው ዛሬ። ይራመዳል፤
ካናቴራውን ገልቦ ላገኘው ያሳያል።
የታች ባለ ሱቅ፣ ባንግላዲሻዊው፣ እንደ ደወል ይጫነውና
«ማነው?» ይላል ወደ ውስጥ፣ ጆሮውን ደግኖ፣ ዝቅ ብሎ ገና፤
ሙዓዝ በሳቅ ይፈርሳል። ሲስቅ ደግሞ ብቅ።

ትናንት ተኝቶ ለካሁት፣ እንዳልቀሰቅሰው ስጠነቀቅ፦
ሌባ ጣቴ አልገባም። ትንሿ ጣቴ ናት፣
እሷም ጫፏ ብቻ፣ እስከ ጥፍሯ ግማሽ፣ የተቀበላት።

ሳንቲሟ መስኮቱ ላይ ናት። ዳቦ አልገዛሁባትም።
ከመስኮቱ በታች መንገዱ ሰፍቷል፣ ሌሊትም አይተኛም።
«የት ነው?» ያሉት ቀን እነግረዋለሁ፣ በጣቴ አሳይቼ፦
ያውልህ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣
ከታክሲው ጎማ በታች፣ ልጄ።